ከባሻ መኪና ለመውረድ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

እኔ ሰው ማስቀየም አልችልም። ይህን የምለው ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ እንደ በሽታ የያዘኝ ነገር ነው። ጸጉር አስተካካይ ጆሮዬን ቢያደማው "ኧረ ምንም አይደል፣ ጆሮዬ ነው የተንቀሳቀሰው" እላለሁ። ሰው ቤት የቀረበልኝ ወጥ ጨው ቢበዛበት፣ ባለቤቲቱ ፊቴን አይታ እንዳትጠረጥር ስል አስጨምሬ እበላለሁ። እንዲህ ያለ ሰው በጊዜ ቤቱ ገብቶ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር። እኔ ግን መኪና መንዳት ልማር አልኩ።

ልባችሁ እንዳይንጠለጠል አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ መንጃ ፈቃዱን አውጥቻለሁ፤ የጅጅጋንም መንገድ ለብዙ ዓመት ነድቼበታለሁ። እስከ ዛሬ ሳስበው ክው የሚያደርገኝ መንዳቱ አይደለም። ከአስተማሪዬ ጋር በሰላም ለመለያየት ያየሁት አበሳ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጣሊያን ከወጣ ቆየት ብሏል፤ ድሬ ዳዋ ላይ ግን ገና ከመኪናው ጋሪው ይበዛ ነበር። እኔ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ጨርቃ ጨርቅ በጅምላ የሚያከፋፍል ሙሴ ኒኮላ የሚባል ግሪካዊ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠራኝና የሐረርንና የጅጅጋን ደንበኞች እየዞረ የጨርቅ ናሙና የሚያሳይ ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ። መኪናውን ይሰጣል፣ ደመወዙም ከፍ ይላል። እስከ ፋሲካ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቦታው የኔ ነው፤ ካላወጣሁ ግን ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ለሚያፏጨው ለግርማ ይሰጠዋል። የግርማን ፉጨት ሦስት ዓመት ሰምቻለሁ። "ደስ ይላል፣ ቀጥል" ብዬው ስለማውቅ ነው ያላቆመው።

በከተማው መኪና የሚያስተምሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ቃል የማይወጣው ዝምተኛ አርመን ነው፤ ቤቱ ከጣቢያው ማዶ ነበር። ሁለተኛው ባሻ ደምሴ ናቸው። ወደ ባሻ የሄድኩት ቤታቸው ለቤቴ አምስት ደቂቃ ስለሚቀርብ ብቻ ነው። በዕድሜዬ ጫማ ለመቆጠብ ብዬ እንዲህ የተቀጣሁበት ጊዜ የለም።

ባሻ ወታደር ቤት ካሚዮን ሲነዱ የኖሩ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ጢማቸው የተሾለ ሰው ናቸው። የሚያስተምሩባት መኪና ግን ሴይቼንቶ የምትባል ጠባብ ፊያት ናት። ያን ሁሉ ትከሻ እዚያች ትንሽ መኪና ውስጥ ሲያስገቡት ለኔ የሚተርፈኝ የመሪው ግማሽ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ከዘራቸው አለች። ከዘራዋ ከባሻ እጅ አትለይም። "ፍሪሲዮን!" ሲሉ ግራ ጉልበቴን፣ "ፍሬን!" ሲሉ ቀኝ ጉልበቴን በከዘራዋ ነካ ያደርጉኛል። ነካ ማለቴ እንኳ ለእሳቸው ክብር ስል ነው፤ ማታ ሱሪዬን ሳወልቅ ጉልበቶቼ የሌላ ሰው ይመስሉኝ ነበር።

እሱንስ እችለው ነበር። ያቃተኝ ለሕዝብ ማወጃቸው ነው። ሰው በተሰበሰበበት ስናልፍ መስኮቱን ዝቅ ያደርጉና "እናንተ፣ ዞር በሉ! ይሄ ጸሐፊ ነው፤ ፍሬኑ የት እንዳለ ገና አላወቀም!" እያሉ ያስጠነቅቃሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ በእግሬ ስሄድ እንኳ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም የሚሸጡት ሴቶች ልጆቻቸውን ከመንገድ መሰብሰብ ጀመሩ።

ደግሞም ትምህርቱ የሚካሄደው የባሻ ጉዳይ ባለበት መንገድ ብቻ ነው። ጤፍ ወፍጮ ቤት እናደርሳለን፤ ከቀፊራ ሽንኩርት እንጭናለን፤ መልካ ጀብዱ ያለውን የክርስትና ልጃቸውን እንጠይቃለን። በሦስተኛው ሳምንት የባሻን ዘመዶች ቤት አንድ በአንድ አውቄ ነበር። የኋላ ማርሽ ግን ምን እንደሚመስል አላየሁም፤ ባሻ ወደ ኋላ የሚያስኬድ ጉዳይ ኖሯቸው አያውቅም።

ትምህርቱ የሚጀምረው ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በሩን የምትከፍትልኝ ልጃቸው ጽጌ ናት፤ ስልክ ቤት ሰው ከሰው እያገናኘች የምትሠራ፣ ፈጣንና ቀጥተኛ ልጅ። "እንደምን አደሩ" ትለኛለች፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላታለሁ። በኛ መካከል የነበረው ንግግር ይሄው ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው ከዚህ በላይ አንድም ቃል ሳይጨመርበት ነው።

እንግዲህ ከባሻ ወጥቼ ወደ አርመኑ ልሂድ ብዬ ቆረጥኩ። ግን ምን ተብሎ ይነገራል? ሰውዬው ክፉ አይደሉም። "ልጄ" ነው የሚሉኝ። የክርስትና ልጃቸው ቤት ስንሄድ ከኔ በፊት ውኃ አይጠጡም። እንዲህ ላለ ሰው "ይበቃኛል" የሚለውን ቃል ስንት ጠዋት ሙሉ እስከ ጥርሴ አድርሼ መልሼ ዋጥኩት።

መጀመሪያ ታመምኩ አልኩ። ሰው ልኬ "ወባ ሳይሆን አይቀርም፣ ለጥቂት ሳምንት አልችልም" አስባልኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባሻ የተከራየኋት ክፍል ደጃፍ ላይ በሴይቼንቶዋ መጥተው ቆሙ። ባለቤታቸው የሠሩትን የአጥንት መረቅ በጣሳ ይዘዋል። አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ እስክጠጣ ጠበቁኝ። ከዚያ ደግፈው አስነሡኝና ሐኪም ቤት ሊወስዱኝ ወጣን። እኔ ወደ ኋላው ወንበር ስሄድ ትከሻዬን ይዘው ወደ መሪው አዞሩኝ። የታመመ ሰው ስለማይቸኩል ለመማር ይመቻል አሉ። ትኩሳት አለብኝ ብዬ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ጉልበቴን እየተመታሁ ሐኪም ቤት ድረስ ነዳሁ። ሐኪሙ ምንም የለብህም ሲለኝ ባሻ በደስታ አቀፉኝ።

ቀጥዬ ሥራ በዛብኝ አልኩ። ሙሴ ኒኮላ ፋታ አልሰጠኝም፣ ጠዋት ጠዋት ቶሎ ግባ ብሎኛል አልኩ። ባሻ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ተገላገልኩ ብዬ በዚያን ዕለት ከሥራ ስወጣ ለራሴ ፓፓያ ገዛሁ። በማግስቱ ቢሮ ስገባ ሙሴ ኒኮላ ግንባሩን እያሻሸ ጠራኝ። ባሻ ደምሴ ከዘራቸውን ይዘው መጥተው ነበርና፣ ልጁን ከትምህርቱ የሚያስተጓጉል አለቃ ምን ዓይነት አለቃ ነው ብለው ሱቁ መሃል ቆመው ገሥጸውታል። ሙሴ ኒኮላ ደግሞ ሰውዬው እስኪወጡለት ድረስ የጠየቁትን ሁሉ እሺ ብሏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቀን አንድ ሰዓት የነበረው ትምህርቴ በአለቃዬ ፈቃድ ሦስት ሰዓት ሆነ።

ግርማ ያፏጫል። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ጉልበቶቼን ይዣለሁ።

ያን ጊዜ ነው ሽማግሌ ለመላክ ያሰብኩት። የሚያስቅ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን ሰው ከሰው ሲጋባም ሲጣላም ሲለያይም ሽማግሌ ነው የሚልከው። አከራዬ አቶ ገብሬ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ፣ የባቡር ሠራተኛውን ግማሽ ያጋቡ፣ ሌላውን ግማሽ ያስታረቁ ሰው ናቸው። ጎረቤታችን ሀጂ አህመድ ደግሞ ከኛ ሱቅ ጨርቅ እየወሰዱ የሚቸረችሩ ሱማሌ ናቸው፤ ቃላቸው በመጋላ ሰፈርም በከዚራም ይከበራል። ሁለቱንም ለመንኳቸው። የምትሉት ነገር እንዳያስቀይማቸው፣ ቀስ አድርጋችሁ፣ ከሩቅ ጀምራችሁ፣ በክብር አድርጉልኝ አልኳቸው። አቶ ገብሬ ይሄ ለሳቸው አዲስ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ሀጂ ከቀትር በኋላ የጫት በርጫቸውን ስለማይተዉ ጠዋት ይሁን አሉ።

እሑድ ጠዋት አቶ ገብሬ ነጭ ጋቢያቸውን፣ ሀጂ አዲስ ጥምጥማቸውን አድርገው ሄዱ። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ሲመለሱ ገና ከሩቁ አካሄዳቸው አላማረኝም። አቶ ገብሬ መሬት መሬት ያያሉ። ሀጂ ግን በእጃቸው አንድ እሽግ ዳቦ ይዘዋል።

"ጨረሳችሁልኝ?" አልኩ።

አቶ ገብሬ ቁጭ አሉና ተነፈሱ። ነገሩን ከሥሩ ነገሩኝ። ባሻ በሩን ሲከፍቱ አቶ ገብሬ ከልማዳቸው የተነሣ፣ አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ደጃፍ እንዳደረጉት፣ የመጣንበትን ካልፈቀዱልን አንቀመጥም ብለው ቆመዋል። ባሻ ሁለቱን ሽማግሌዎች፣ ነጩን ጋቢ፣ አዲሱን ጥምጥም አይተው ዓይናቸው እንባ ሞላ። አቶ ገብሬ እንባውን አላስተዋሉም። እንደለመንኳቸው ከሩቅ ጀመሩ። ልጃችን እርስዎን እንደ አባት ያከብራል፤ ፊት ለፊት ለመናገር አፍሮ ነው፤ ከእጅዎ አንድ ነገር ይለምናል አሉ። ባሻ ከዚህ በላይ አላስጨረሷቸውም። ልጃቸውን ጽጌን ሊጠይቁ እንደመጡ ገብቷቸዋልና "ሰጥቻለሁ" አሉ። ባለቤታቸው ከጓዳ እልል እያሉ ወጡ።

እኔ ሀጂን አየሁ። ሀጂ ሌላ ቦታ አዩ።

"ታዲያ ስህተት ነው አላላችሁም?"

"ዋሪያ፣ እንዴት ነው የምትለው?" አሉ ሀጂ። "ሰውዬው አለቀሰች። ወላሂ፣ ጢሙ ሁሉ ረጠበች። ሚስቱ እልል አለ። እኔ ዳቦ አፌ ውስጥ አለ። 'አይ፣ ልጅህን አንፈልግም፣ መኪናህንም አንፈልግም' ብዬ ልናገር?"

አቶ ገብሬ ጨመሩበት። ባሻ ነገሩን ከጠረጠሩት ቆይተዋል። ፍሪሲዮን ለመማር ብቻ በቀን ሦስት ሰዓት ከዘራ የሚችል ሰው የለም፤ ይሄ ልጅ የሚመጣው በሩን ለምትከፍትለት ነው ብለው ለባለቤታቸው ነግረው ነበር። ያ ሁሉ ትዕግሥቴ ፍቅር ተብሎ ተቆጠረልኝ።

"ስለ ትምህርቱስ?" አልኩ።

"ስለ ትምህርቱማ ራሳቸው አነሡት" አሉ አቶ ገብሬ። "ከእንግዲህ ከአማች ክፍያ አልቀበልም፤ ቅዳሜና እሑድም ይምጣ ብለዋል።"

ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ለመሰናበት ልኬ ታጭቼ አደርኩ። ደጋግሜ አስበዋለሁ፤ አሁንም አልገባ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ የሆኑት ቀናት ከበፊቱ የባሱ ነበሩ። ከዘራዋ ከጉልበቴ ተነሣች። ባሻ በከዘራዋ ፈንታ መዳፋቸውን ጀርባዬ ላይ ያሳርፋሉ። ሰው በተሰበሰበበት መስኮቱን ዝቅ ማድረጉ ግን አልቀረም፤ አሁን የሚያውጁት "አማቼ ነው!" እያሉ ነው። አንድ ቅዳሜ ቀፊራ መሃል ግማሽ አካላቸውን በመስኮት አውጥተው ለአንዲት ዘመዳቸው እኔን ሲያስተዋውቁ፣ እኔም ከይሉኝታ የተነሣ መሪውን ለቅቄ እጅ ስነሣ፣ መኪናዋ ቀስ ብላ የፓፓያ ክምር ውስጥ ገባች። ፓፓያው የአንዲት ኦሮሞ እናት ነበር። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው መጡ፤ የሚገባኝን ስድብ ለመቀበል አንገቴን ደፋሁ። ባሻ ሙሽራ መሆኔን በኦሮምኛ ነገሯቸው። ሴትዮዋ ፊታቸው ፈታ አለና መረቁኝ፤ ካልተጨፈለቁት ሁለት ፓፓያ መርጠው በመስኮት አቀበሉኝ። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

በዚህ መሃል ጽጌ በሩን ትከፍታለች። "እንደምን አደሩ" ትላለች። ፊቷ ላይ ግን ምንም አይነበብም። ተቆጥታለች? ደስ ብሏታል? አንዳንድ ጠዋት በሩን ስትከፍት አንድ ጥያቄ እንዳላት ሁሉ ትንሽ ቆም ትላለች። እኔ ቆቤን አነሣና ወደ መኪናዋ እሮጣለሁ።

ፋሲካ እየቀረበ ሄደ። እውነቱን ራሴ መናገር እንዳለብኝ ገባኝ። ሰው የማይሰማበት ቦታ መረጥኩ። ባሻ መሪ ማዞር የሚያለማምዱኝ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ወንዝ የሚባለው በስሙ እንጂ አብዛኛውን ዓመት ሰፊ አሸዋ ነው። መሃሉ ላይ ስንደርስ መኪናዋን አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

"ባሻ፣ አንድ የምነግርዎት ነገር አለኝ።"

እጃቸውን አነሡና ዝም እንድል አደረጉ። አንገታቸውን ወደ ተራራው ወገን አዞሩ። እኔም ሰማሁት፤ ከሩቅ ባቡር የሚመጣ ይመስላል። ግን በዚያ በኩል ሐዲድ የለም። ድሬ ዳዋ ላይ ጠብታ አልወረደም ነበር፤ ሐረር ወገን ያለው ተራራ ላይ ግን ዘንቧል።

ባሻ አልጮሁም። ያን ቀን የሰማሁትን ድምፅ ከዚያ በፊት ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም። "ሞተሩን አስነሣ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ሁለተኛ አስገባ። ፍሪሲዮኑን በዝግታ ልቀቅ። ወደ ኋላ አትይ።"

እግሬ የታዘዘውን አደረገ። ጎማው አሸዋው ላይ አንድ ጊዜ ተሽከረከረ፣ ያዘ፣ ሄድን። መውጫውን ዳገት ስንጨርስ ከዳር የቆሙ ሰዎች ጮኹ። ዞር ብዬ ሳይ መኪናዋ የነበረችበት ቦታ ቡናማ ውኃ ሆኗል፤ አንድ ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ እየተገለባበጠ አለፈ። ባሻ መሐረባቸውን አወጡና የራሳቸውን ሳይሆን የኔን ግንባር ጠረጉ።

"ምን ልትነግረኝ ነበር?" አሉኝ።

"ምንም" አልኩ። "ጤናዎ እንዴት ነው ልልዎት ነበር።"

ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ከሥራ ስመለስ አቶ ገብሬና ሀጂ አህመድ ክፍሌ ደጃፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ነጩ ጋቢ አለ። ጥምጥሙም አለ። ግቡ ብላቸው አይገቡም፤ ተቀመጡ ብላቸው አይቀመጡም። አቶ ገብሬ የመጣንበትን ካልፈቀድክልን አንቀመጥም አሉ። የላካቸው ባሻ ነበሩ።

መልእክቱ ይህ ነው። ጽጌ አልፈልግም ብላለች። ጥፋቱ የሷ ነው፣ አሻፈረኝ ያለችው እሷ ናት። አባቷ ለምነዋታል፤ ተቆጥተዋታል፤ አልሆነም። እንግዲህ ባሻ ቃላቸውን ስላጠፉ ዓይኔን ማየት አይችሉም፤ እዚያች ጠባብ መኪና ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው መቀመጥማ የማይታሰብ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ትምህርቱን ሌላ ሰው ይጨርስልህ ብለዋል።

ይኸውላችሁ። ወባ አሞኛል ብዬ፣ አለቃዬን ሰበብ አድርጌ፣ ሽማግሌ ልኬ ያጣሁትን ነገር እነዚያው ሽማግሌዎች፣ ከነይቅርታው፣ ቤቴ ድረስ አመጡልኝ። መዝለል ነበረብኝ። አልዘለልኩም። በአፌ የመጣውን ስሰማ ራሴ ደነገጥኩ።

"ለምን አልፈልግም አለች?" አልኩ። "ምን አጉድዬ ነው?"

ሀጂ አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። "አቦ፣ አንተ ልጅ" አሉ በመጨረሻ፣ "የምትፈልገውን አንድ ቀን ለኔም ንገረኝ።"

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ስልክ ቤት ሄድኩ። ጽጌ ወጥታ ደጃፉ ላይ ካለው ዛፍ ሥር ቆመች። እስከዚያ ቀን "እርስዎ" ነበር የምትለኝ።

"አንተ ምንም አላጎደልክም" አለችኝ። "ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ዳቦ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። አባቴ 'ሰጥቻለሁ' ሲል የሀጂን ፊት አየሁት። በር ላይ ስሸኛቸው አቶ ገብሬን ጠየቅኋቸው፤ ሁሉንም ነገሩኝ። አንተ ራስህ መጥተህ እስክትናገር ስጠብቅ ወር ሊሞላኝ ነው። በየጠዋቱ በር ስከፍት 'ዛሬ ይናገራል' እላለሁ። አንተ ቆብህን ታነሣለህ።"

እጄ ወደ ቆቤ ሄደ፤ መለስኩት።

"አባቴን 'ይበቃኛል' ለማለት ሁለት ሽማግሌ የላክህ ሰው ነህ። እኔ የመረርኩህ ቀን ስንት ልትልክ ነው?"

ምሳ ሰዓቷ እያለቀ ነበር። ልትሄድ ስትል አንድ ነገር ጨመረች። አባቴ 'ልጁን አዋረድኩት' ብሎ እህል አልቀምስ ብሏል፤ እኔ ጥፋቱን የወሰድኩት አንተን ላለማሳፈር ነበር፣ ግን ይህን ማየት አልቻልኩም አለች። ቢያንስ ለሱ እውነቱን ንገረው ብላኝ ገባች።

የዚያን ዕለት ከሥራ እንደወጣሁ ቀጥታ ወደ ባሻ ቤት ሄድኩ። አርመኑ ጋ የሚወስደው መንገድ መታጠፊያ ላይ እግሬ አንድ ጊዜ አመንትቷል፤ አልዋሽም። ባሻ ግቢያቸው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ያ ትከሻ እንደዚያ ጠቦ አይቼው አላውቅም። ከዚያ በላይ ብጠብቅ እንደማልናገረው ስላወቅኩ እዚያው ቆሜ ተናገርኩ።

"ባሻ፣ ሽማግሌዎቹን የላክኋቸው ልጅዎን ለመጠየቅ አልነበረም። ትምህርቱን ለማቆም ነበር። ከእርስዎ ጋር መማር አልተመቸኝም፤ መረረኝ።"

ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ከዘራዋን ጠበቅኳት። ባሻ ቀስ ብለው ዞሩ። መልሰው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ጉልበቶቼን አዩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የመረረህ?" አሉኝ።

"ከሁለተኛው ሳምንት።"

"እኔ ከመጀመሪያው ቀን ነው" አሉ።

"ምኑ?" አልኩ።

"አንተን ማስተማር።"

አልሰማሁም መስሎኝ ጠጋ አልኩ። ባሻ ግን አንዴ ከጀመሩ የሚያቆማቸው አልነበረም። ካሚዮን ሙሉ ጥይት ጭነው በገደል አፋፍ ነድተዋል፤ እኔ አጠገብ እንደተቀመጡበት ቀን ያለ ፍርሃት ግን አይተው አያውቁም። ማታ ማታ ባለቤታቸውን "ይሄን ልጅ እንዴት ብዬ ላሰናብተው?" ይሏቸዋል። እንዴት ይባላል? ሰዓቱን አክብሮ የሚመጣ፣ ቆቡን አውልቆ የሚያመሰግን፣ ጉልበቱን ቢመቱት "ጥሩ ነው ባሻ" የሚል ልጅ። የምመታህ እንኳ ተቆጥተህ እንድትቀር ነበር አሉኝ። እኔ ግን በማግስቱ አምስት ደቂቃ ቀድሜ እገኛለሁ። ታመምኩ ስልም ሥራ በዛብኝ ስልም ልባቸው በደስታ ዘሎ ነበር፤ መረቅ ይዘው የመጡትና አለቃዬን የገሠጹት ያ ደስታ እንዳይታወቅባቸው ብለው ነው። ሽማግሌ የላክሁ ዕለት ያለቀሱት በደስታ ነው፤ እንግዳ ሰው አይሰናበትም፣ ለአማች ግን "ተወው፣ መኪና ለአንተ አይሆንም" ማለት ይቻላል ብለው አስበው ነበር፤ ሲደርስ ግን እሱም ከአፋቸው አልወጣም።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ሰውነቴ ሁሉ ቀለለኝ፤ ደግሞም የሆነ ቦታ ከፋኝ። ሁለታችን እዚያች ሴይቼንቶ ውስጥ ተፋፍገን፣ ስንት ጠዋት ሙሉ እያንዳንዳችን የመኪናዋን በር እያየን ኖረናል።

ባሻ ውኃ አስመጡልኝ። አንድ ላይ ጠጣን። አልሳቅንም፤ ገና ድንጋጤው አልለቀቀንም ነበር። ልሰናበታቸው ስነሣ ተከትለውኝ ተነሡ። ጢማቸውን ጎተት አደረጉ። የሚሉት ነገር ሊያመልጣቸው ሲል አየሁት፤ ሊመልሱትም ሞክረው ነበር።

"ፈተናህ ሊደርስ አንድ ሳምንት ነው የቀረው" አሉ። "አሁን ወደ ሌላ ሰው ብትሄድ ግራ ይገባሃል። እንግዲህ... ብትመጣ ለኔ ምንም አይከብደኝም።"

እንደሚከብዳቸው ከግንባራቸው ላይ ይነበባል። "አይ፣ ይቅር" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሁለት ቃል። ከግማሽ ሰዓት በፊት ከዚያ የከበደውን ተናግሬ ነበር፤ አሁን ግን ሰውዬው እንደ አባት ሆነው ሲለምኑኝ ምን ልበል?

"ኧረ ደስ ይለኛል፣ ባሻ" አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት በሩን አንኳኳሁ። ጽጌ ከፈተች። እኔን አየችኝ፤ ዞር ብላ ደግሞ መኪናዋ ውስጥ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡትን አባቷን አየቻቸው። በሩን እንደያዘች ወደ ጎን ቆመችልኝ። እኔም ቆቤን አነሣሁና ገባሁ።